ለገና የተተከለው ድንኳን

ዘንድሮ የገና ዋዜማ ዝናብ ጣለ። ካፊያ እንዳይመስላችሁ፤ ክረምቱ ዕቃ ረስቶ የተመለሰ ይመስል ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ። የጎረቤቴ ልጅ ዶሮዋን እየገነጣጠለች «እማማ አስቴር፣ በታኅሣሥ እንዲህ ሲዘንብ አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አንድ ጊዜ አይቻለሁ አልኳት። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም፤ ብጀምረው ዶሮውም አይበስል፣ እኔም አልጨርስ። በማግስቱ፣ በበዓሉ ማለዳ፣ ከታቦር ተራራ ወደ ታች ስወርድ ግን ኮብልስቶኑ መንገድ ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ሞት በዓል አይመርጥም። ባጃጆቹ በጠበበችው መንገድ እየተጠማዘዙ ያልፋሉ፤ ሁለት ሰዎች ገመድ ያጠብቃሉ፤ ሸራው ርሶ ከብዷል። የረጠበ የእድር ሸራ ሽታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጆንያ ጆንያ፣ ትንሽ ላምባ፣ ትንሽ ያደረ ሣር ይላል። ያ ሽታ አፍንጫዬ እንደ ገባ እግሬ ቆመ። ይህን ሁሉ ዕድሜ ይዤ፣ መንገድ ዳር ተገትሬ፣ ወደ ድንኳኑ መግቢያ እያየሁ ሰው መጠበቅ ጀመርኩ። አንዱ ባለባጃጅ አጠገቤ ሲደርስ ቀዝቀዝ አደረገና «እማማ፣ ይሻገራሉ ወይስ ሊገቡ ነው?» አለኝ።

ያኔ ሐዋሳን «አዋሳ» ነበር የምንላት። እነዚህ ሁሉ ፎቆች አልነበሩም፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ስሙም አልተሰማ። ሰው የሚሄደው በእግሩ ነው፣ ካልሆነም በፈረስ ጋሪ፤ መንጋቱን የምናውቀው የፈረሶቹ ኮቴ አስፋልቱ ላይ ሲንቋቋ ነበር። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነው፤ ያውም እንደ ዛሬው አየር የተሞላ ሳይሆን፣ አንዱን በልቶ ውሃ የጠጣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚውልበት ዳቦ። ቆሮሶ ዓሣ ከሐይቁ እንደ ወጣ በሲባጎ ተሰክቶ በየደጁ ይዞራል፤ ከሻጩ ኋላ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ጡረተኛ ቀስ እያሉ ይከተሉታል። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በኩፖን ነው፣ ሳሙናም እንደዚያው። እኛ ሴቶቹ ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ ወንዶቹ ደግሞ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው የከተማውን አቧራ ይጠርጋሉ። ይህን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ የራሳቸው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ እንደሚሸጥላቸው ይረሱታል።

ከቤታችን ማዕዘን ላይ ብስክሌት የሚያከራይ ጋሽ ሽፈራው የሚባል ሰው ነበር። አዋሳ ሜዳ ናትና ብስክሌት የማይነዳ ልጅ ከልጅ አይቆጠርም። የጋሽ ሽፈራው እጅ ከግራሶ ጠርቶ አያውቅም፤ ሰላም ሲለን በክንዱ ነበር። ወንድሜን ታምራትን ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው፤ አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ የሚሮጥለት ሌላ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ሳይነግረው ለቀቀው። ታምራት የተያዘ መስሎት እስከ ሐይቁ መንገድ ድረስ ነዳ፤ ዞር ብሎ ማንም እንደሌለ ሲያይ ያን ጊዜ ወደቀ። ጋሽ ሽፈራው ይህን እያነሳ ለዓመታት ሲስቅ ኖሯል። «መውደቁን ያመጣው መዞሩ ነው» ይል ነበር። ታምራት ሲያድግ ዘናጭ ወጣው፤ ቡናማ ቴትሮን ሸሚዝ ነበረችው፣ አንገትጌዋ እስከ ትከሻው የምትደርስ፤ ያቺን ለብሶ መዝሙር እያፏጨ ነበር ከማዕዘኑ የሚመጣው። መዝሙር መዘመር በሚያስጠይቅበት ጊዜ «ፉጨት ቃል የለው፣ በምን ይከሱኛል?» ይላል። ገና ሳናየው በፉጨቱ መምጣቱን እናውቃለን።

ከዚያ ዘመኑ መጣና ጋሽ ሽፈራው «ጓድ ሽፈራው» ተባለ። ብስክሌቶቹ ተሰብስበው አንድ ክፍል ውስጥ ተቆለፈባቸው፤ ያ የግራሶ እጅ የቀበሌ ማኅተም ያዘ። ክፉ ሰው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ ፈሪ ደግሞ የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። ከቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ ሲጠየቅ የታምራትን ስም የሰጠው እሱ ነው። ሊወስዱት ሲመጡም ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር አብሮ መጣ፤ እናቴን ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ የበራችንን መቃን ሲያይ ቆየ። ታምራት ቡናማ ሸሚዙን አወለቀና ሰጠኝ። «አስቱ፣ እዚያ ካኪ ይሰጡናል አሉ። ይቺን ለገና ተኩሰሽ አስቀምጪልኝ» አለ። በማዕዘኑ ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ያፏጭ ነበር፤ ከጠፋም በኋላ ትንሽ ተሰማኝ።

የእኛ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ ታሽጓል። «ጴንጤ» ማለት ራሱ ስድብ ነበር። ዛሬ ልጆቹ በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ሲያናውጡት ጆሮዬን ያመኛል፣ ልቤን ግን ደስ ይለዋል፤ እኛ እኮ ትራስ አፋችን ላይ አድርገን የዘመርን ሰዎች ነን። ገናን የምናከብረው ሐይቅ ዳር ነበር። በዓሉ በበጋ ስለሚውል ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ይጠራል፤ ሽርሽር የወጣን መስለን በየሾላው ሥር ሦስትም አራትም ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ የተጠበሰ ቆሮሶ ይዞ ይመጣል። ሽማግሌያችን ጋሽ ማቴዎስ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ መስለው ወንጌሉን ከዳማው ሰሌዳ ሥር ዘርግተው ያነባሉ። ሰው ሲያልፍ «ብላኝ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» ብለው ቆርኪ ያንቀሳቅሳሉ፤ ሲርቅ ወደ ቤተልሔም ይመለሳሉ። ገናችን ይኸው ነበር፤ ፀሐይና ጥላ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ያ ዝናብ በጣለበት ዓመት መስከረም ጠባ እንዳለ ከሰሜን የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ደጃችንን አንኳኳ። ታምራት ደኅና መሆኑን፣ ለገና ፈቃድ እንደሚሰጠው፣ «በር ላይ ጠብቁኝ» ማለቱን ነገረን። እናቴ አማረች ሰውየውን ሳታበላ አልለቀቀችውም፤ ሲሄድ ደግሞ የመኪናውን በር ሳመችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሚወራው የታምራት መምጣት ብቻ ሆነ። ሸሚዟን በከሰል ካውያ ተኩሼ አጥፋታለሁ፣ ደግሞ ዘርግቼ እተኩሳታለሁ፤ ጨርቅ ባትጠነክር ኖሮ ከመምጣቱ በፊት እጨርሳት ነበር። እናቴ ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ አስመረገች። ባለሱቋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ የስልጤ ሴት ናት፣ ታምራትን ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገች፣ «ልጄ ሲመጣ የሚጠጣው ሻይ ነው» ብላ ከሱቋ ስኳር ደበቀችለት። በዚያን ጊዜ ስኳር መደበቅ ራሱ ወንጀል ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ ግን ዝናቡ ጀመረ። ወቅቱ አይደለም፤ ማንም አልጠበቀውም። ታኅሣሥ ማለት አቧራ ማለት ነበር፤ እኛ ግን ጭቃ እያቦካን እንገባለን። አውድማ ላይ የተከመረው ጤፍ በቀለ አሉ። የእናቴ አዲሱ ምርጊት አልደርቅ ብሎ ከግድግዳው ላይ ወረደ፤ ሐይቁ ሾላዎቻችን ሥር ገባ። ከሻሸመኔ ማዶ መንገድ ተቆርጧል የሚል ወሬ ስሰማ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ማልቀስ ያዝኩ፤ ታምራት በየት ይመጣል? እናቴ መጣችና አየችኝ። «ያላዘዝሽውን ዝናብ ምን ታለቅሺበታለሽ? ተነሺ፣ ባልዲ አምጪ፤ ጓዳው እያፈሰሰ ነው» አለችኝ። እናቴ እንደዚህ ነበረች። ከእግዜር ጋር አትነታረክም፤ ባልዲ ትደቅናለች።

ዝናቡ ለጉባኤያችንም ጣጣ አመጣ። ሐይቅ ዳር አይወጣ፤ ያን ያህል ሰው አንድ ቤት ቢገባ ደግሞ ጓድ ሽፈራው ሳይሰማ አይቀርም። ጋሽ ማቴዎስ እኛ ቤት መጥተው፣ ጠብታው ባልዲው ውስጥ ሲወርድ ተመለከቱ።

«በዚህ አገር ሰው ሳያስፈቅድ የሚሰበሰብበት አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው» አሉ።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አለች እናቴ።

«ለቅሶ።»

«ማን ሞቶ ነው የምናለቅሰው? ውሸት አይሆንብንም?»

«ክረምት ላይ አክስትሽ ሞተው የለም እንዴ? ለቅሷቸውን እዚህ ተቀምጠሻል?»

«አገር ቤት ሄጄ ነው የተቀመጥኩት።»

«በይ እንግዲህ። የአዋሳ ወዳጆችሽ አላጽናኑሽም፤ መጥተው ያጽናኑሻ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እንዲህ ሆኖ የሴቶቹ እድር ድንኳን በገና ቀን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይገባሉ። ፊታቸው የሐዘን፣ ዓይናቸው የበዓል ነው። አንዳንዱ ዳቦውን በጋቢው ሥር ይዟል፤ የእናቴን እጅ ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉና ቀስ ብለው «እንኳን አደረሰሽ» ይጨምሩበታል። በረጠበው ሣር ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ማቴዎስ ወንጌሉን ጭናቸው ላይ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ወንጌሉ ላይ አድርገው አነበቡልን። እኔ ግን በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። ታምራት ዛሬ ሊመጣ ነዋ። መጥቶ በግቢው ውስጥ ድንኳን ሲያይ እንዳይደነግጥ፣ ሮጬ ወጥቼ «የውሸት ነው፣ ገና ነው» ልለው። ሸሚዟን ከሹራቤ ሥር አድርጌያታለሁ።

ረፋዱ ላይ ጓድ ሽፈራው ከአንድ አብዮት ጠባቂ ጋር ገባ። ላስቲክ ለብሷል፤ ከላስቲኩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። በለሆሳስ የጀመርነው ዝማሬ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«የማን ለቅሶ ነው?» አለ።

«የወይዘሮ አማረች አክስት ናቸው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

ሽፈራው ወደ እናቴ ዞረ። «ክረምት ላይ የይለፍ ወረቀት የጻፍኩልሽ አክስትሽ? ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል እንዴ?»

ያንን ወረቀት ማንኛችንም አላሰብነውም። አብዮት ጠባቂው የጋሽ ማቴዎስን ጋቢ በጠመንጃው አፈሙዝ ገለጠው፤ ወንጌሉ ታየ። «ይነሱ» አላቸው። ጋሽ ማቴዎስ ከዚህ በፊት ታስረው ሲወጡ እግራቸውን እየጎተቱ ነበር የመጡት፤ ሁለተኛ ከገቡ እንደማይወጡ ሁላችንም እናውቃለን። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሱ እጃቸውን መሬት ላይ አደረጉ።

ያን ጊዜ እናቴ ቀደመቻቸው። ቆመች። «ሽፈራው፣ ተዋቸው» አለችው፤ ጓድም ጋሼም አላለችውም። «አክስቴ አይደለችም። ታምራት ነው። የሞተው ልጄ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ማንም እናት እንዲህ ያለ ነገር በሕያው ልጇ ላይ አትናገርም፤ ሟርት ነው። ጋሽ ማቴዎስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽፈራው ግን አልጮኸም፤ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ማን ነገራችሁ?» አላት።

እናቴ ፊቱን አየችው፤ አየችው፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ጮኸች። ከእሷ የወጣውን ጩኸት እስከዛሬ የትም አልሰማሁም፤ ከእናቴ አፍ የወጣ አይመስልም ነበር። ሴቶቹ ተረባርበው ያዟት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ እንዲህ ማስመሰል ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኮራሁባት ማለት ይቻላል።

ሽፈራው ቆቡን አወለቀ። ለአብዮት ጠባቂው በእጁ «ውጣ» የሚል ምልክት ሰጠው። ከዚያ እዚያው ድንኳኑ ጫፍ፣ ሸራው የሚያፈስበት ቦታ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ውሃው ጀርባው ላይ ይወርዳል፣ ፈቀቅ እንኳ አላለም። ቆይቶ ሽፈራው ራሱ፣ ቀና ሳይል፣ «ዘምሩለት እንጂ። እንደ ሥርዓታችሁ ዘምሩለት። የሚነካችሁ የለም» አለ።

በዚያ ቀን፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በሙሉ ድምፃችን ዘመርን። የሐዘን መዝሙር ማንም አላነሳም፤ ለሐዘን የተሰበሰበ ጉባኤ አልነበረማ። ሕፃን ተወልዶልናል የሚለውን፣ እረኞቹ የሰሙትን፣ ሌሊቱ የበራበትን፣ የምናውቀውን የገና ዝማሬ ሁሉ ዘመርን። እንባችን ደግሞ ይወርድ ነበር፤ ግማሹ ከፍርሃት፣ ግማሹ ከዕፍረት፣ ድምፃችንን መልሰን ስላገኘነው። ሽፈራው ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የልደት መዝሙር እየሰማ ያለቅሳል። እትዬ ዘይነባ ወሬው ሱቋ ድረስ ደርሷት ባዶ እግሯን በጭቃው እየሮጠች ገባች። «ወይኔ ልጄ! ስኳሩን ለማን ላድርገው?» እያለች እናቴ ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ የውሸት ነው» እንዳልላት ሽፈራው እዚያው ነው። እኔ ከድንኳን ወደ አጥር በር፣ ከአጥር በር ወደ ድንኳን ስመላለስ ዋልኩ። ታምራት አሁን መጥቶ የራሱ ለቅሶ ላይ ቢገባስ? ሽፈራው እያየው? እንዳይመጣ ፈራሁ፤ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ና፣ ና፣ ዝም ብለህ ና እል ነበር። ዝናቡ ማዕዘኑን ሸፍኖታል። ሁለት ጊዜ ፉጨት የሰማሁ መሰለኝ። ወጥቼ ሳይ ውሃው ከቆርቆሮ ላይ እየወረደ ነው።

አመሻሹ ላይ ሽፈራው ተነሣ። እናቴ ፊት ቆሞ፣ እንደ ድሮው፣ ግራሶ እንዳይነካት የሚጠነቀቅ ይመስል፣ ክንዱን ዘርግቶላት ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰው ቢሰበሰብም ባይሰበሰብም ጠይቆን አያውቅም።

ታምራት በዚያ ቀን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። መንገድ ተቆርጦ ነው አልኩ፤ ፈቃድ ተከልክሎ ነው አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ሰማዩ ምንም እንዳልተደረገ ጠራ፣ አቧራው ተመለሰ፣ ድንኳኑን አድርቀን ለእድሩ መለስን። እኔም ፀሎት አገኘሁ፤ በየማታው «ጌታ ሆይ፣ እናቴን ውሸታም አድርግልኝ» እላለሁ። ታምራት በበሩ ገብቶ ሰፈሩ ሁሉ «አማረች ዋሸችን» ብሎ እንዲስቅብን፣ ሽፈራው መጥቶ ቢፈልግ ሁላችንንም እንዲያስረን። ይህን ያህል ነበር ምኞቴ። እናቴ ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡናማዋን ሸሚዝ ለጋሽ ማቴዎስ ሰጥታቸው አገኘኋት፤ ልብስ ላጣ ሰው እንዲሰጡልን ብላ። ጮኽኩባት። በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው እናቴ ላይ የጮኽኩት። «በእጁ የሰጠኝን እንዴት ትሰጫለሽ? ሲመጣ ምን ይለብሳል?» አልኳት። «ሌላ እገዛለታለሁ» አለችኝና ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች።

ዓመታት ሄዱ። መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ታይፕ እመታ ጀመር፤ ሱሪዎቹ ጠበቡ፤ አንድ ቀን ደግሞ መንግሥት ተለወጠ ተባለ። ወታደሮቹ ከሰሜን በእግርም በመኪናም እየተንጠባጠቡ መጡ፤ ካኪያቸው የተበጣጠሰ፣ አንዳንዱ ባዶ እግሩን። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ መናኸሪያ እሄድ ነበር። እናቴም ዳቦ በዘንቢል ይዛ አብራኝ ትመጣለች። እሷ ዳቦ ታድላለች፣ እኔ ፊት ፊታቸውን እያየሁ እሄዳለሁ። «ታምራት የሚባል ታውቃላችሁ? ከአዋሳ፣ ሲሄድ የሚያፏጭ?» እላለሁ። ስንት ሰው አፏጭቶ ይሄዳል። የመጨረሻው መኪና ባዶውን ሲቀር እናቴ «በይ፣ ነገ» ትለኛለች። ነገም እንሄዳለን። በዚያው ሰሞን ሽፈራው ታሰረ፤ ሲፈታ ወደየት እንደ ሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም። የእድሩ ሴቶች «አማርዬ፣ መቼም ቁርጡ ታውቋል፤ አሁን ለልጅሽ ደንበኛ ለቅሶ እንቀመጥለት» ሲሏት እምቢ አለች። ተስፋ ስላልቆረጠች ነው ብዬ በልቤ አቀፍኳት።

እውነቱን ያወቅኩት ልትሞት በተቃረበችበት ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ትራሷን ደግፌ አጥሚት እያጠጣኋት ውጭ ሰማዩ ያለ ጊዜው ያጉረመርማል። ዝናቡ ሲጀምር ሁለታችንም ወደ ቆርቆሮው ቀና አልን።

«እንደዚያ ቀን» አልኳት።

«አዎ» አለች። «‹ማን ነገራችሁ› እኮ ነው ያለኝ። ‹ምን ሆነ› አላለም» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። እሷ አጥሚቱን በእጇ ገፋ አድርጋ ጠበቀችኝ፤ እስኪገባኝ ድረስ ጠበቀችኝ። ሽፈራው መርዶውን ያውቅ ነበር። እንዳይናገር ታዝዞ ይዞት ይዞር ነበር፤ እናቴ በውሸት ስትናገረው የሆነ ሰው ቀድሞት የነገራት መሰለው። እሷ ደግሞ ፊቱን አይታ አነበበችው። ያ ጩኸት፣ እኔ የኮራሁበት ጩኸት፣ የልጇን መርዶ የሰማች እናት ጩኸት ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ያ ድንኳን የውሸት ነው ብዬ ኖርኩ፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ ለታምራት ያላለቀሰ አንድም ሰው አልነበረም። ያልተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ በር ላይ ነበርኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«አልጠየቅሽኝማ። በሩን ነበር የምታዪው።» ከዚያ እንደ መተንፈስ አለችና፣ «ስንቴ ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። ሸሚዙን የሰጠሁ ቀን ታውቂያለሽ ብዬ ነበር» አለች።

«እሺ መናኸሪያስ? እያወቅሽ ለምን ትሄጂ ነበር?»

«አንቺ ትሄጂ ነበራ» አለችኝ። «ብቻሽን ትቁሚ?»

እኔ ሳለቅስ እሷ እጄን ይዛ ቆርቆሮውን ታዳምጥ ነበር። «ለታምራት ተለቅሶለታል» አለችኝ። «በገና ቀን፣ በዝማሬ፣ የወሰደው ሰው ሳይቀር ተቀምጦ አልቅሶለታል። ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም፣ ሁለት ጊዜም አይለቀስለትም። አንቺ ግን የቀረብሽ ለቅሶ አለ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ አረፈች። የእሷ ድንኳን ሲተከል፣ ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ እንኳ፣ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት። የእናቱን ሞት ሰምቶ ቢመጣስ? መርዶውን በዓይኗ ያየችው እሷ ናት፣ እኔ የሽፈራውን ፊት አላየሁትም፤ ተሳስታ ቢሆንስ? ሽፈራውን አግኝቼ ብጠይቀው ይገላግለኝ ነበር፤ የት ይገኛል። እንዲህ እያልኩ ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ለቅሶ ሁሉ፣ የማን ይሁን የማን፣ በር በሩን የማይ ሴት ሆኜ ቀረሁ። ሰዎች አስተዋይ መስያቸው «እማማ አስቴር ገቢ ወጪውን ይቆጣጠራሉ» ይሉኛል።

ዘንድሮ በገናው ማለዳ ባለባጃጁ መልሴን እየጠበቀ ሞተሩን ሲያስነሣ፣ እነዚህ ሁሉ መጡብኝ። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። ከድንኳኑ ውስጥ የማላውቃት ሴት ታለቅሳለች፤ ማን እንደሞተባትም አላውቅም። ሻርፔን ከራሴ ላይ ጎተት አድርጌ «ልገባ ነው ልጄ» አልኩት።

ገባሁ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ። አንዲት ልጅ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ወንበሩ መግቢያውን ያያል። ያዝኩትና አዞርኩት። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ መንገዱ ላይ አንድ ሰው እያፏጨ አለፈ፤ ሰማሁት፤ አልዞርኩም። ለወንድሜ ለታምራት አለቀስኩለት።